የሕዋስ አጣባቂ ሞለኪውሎች በቲ-ሕዋስ መነቃቃት ላይ ያላቸው ሚና፦ የኤልኤፍኤ-1 እና የአይካም-1 ጥምረት

አንድ ቲ-ሕዋስ በሊምፍ ኖድ ውስጥ በደቂቃ ዐሥር ማይክሮሜትር ገደማ እየተጓዘ አንቲጅን አቅራቢ ሕዋሳትን አንድ በአንድ ይዳስሳል። የሚፈልገው ነገር እጅግ ጥቂት ነው። በአቅራቢው ሕዋስ ገጽ ላይ በብዙ ሺዎች የሚቆጠሩ የፔፕታይድ-ኤምኤችሲ ጥምረቶች ተደርድረው ሳለ፣ ለዚያ ቲ-ሕዋስ ትርጉም ያላቸው ከዐሥር ላይበልጡ ይችላሉ። የቲ-ሕዋስ ተቀባዩ እነዚህን ቢያገኛቸውም እንኳ የሚይዝበት ኃይል ደካማ ነው፤ የመለያያ ቋሚው አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 100 ማይክሮሞላር ባለው ክልል ውስጥ ይወድቃል፤ ትስስሩም የሚቆየው ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ ነው። በዚህ ላይ የሁለቱም ሕዋሳት ገጽ ረዣዥምና ኔጋቲቭ ቻርጅ በተሸከሙ ግላይኮፕሮቲኖች የተሸፈነ በመሆኑ ሽፋኖቹ ሲቀራረቡ እርስ በርሳቸው ይገፋፋሉ። በእነዚህ ሁኔታዎች ሥር ቲ-ሕዋስ አንቲጅንን ጨርሶ መለየት መቻሉ ራሱ ማብራሪያ የሚሻ ጉዳይ ነው።

የማብራሪያው ዋና ክፍል የሚገኘው በሕዋስ አጣባቂ ሞለኪውሎች ዘንድ ነው። እነዚህ ሞለኪውሎች በመማሪያ መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርቡት እንደ ሙጫ ነው፤ ሁለቱን ሕዋሳት አንድ ላይ ይይዛሉ፣ ዋናውን ሥራ ግን ሌላው ተቀባይ ይሠራል ይባላል። ንጽጽሩ ለመጀመሪያ ትምህርት ቢበቃም አሳሳች ነው። ሙጫ ማን እንደቀባውና መቼ እንደሚለቅ አያውቅም። ከእነዚህ ሞለኪውሎች በይበልጥ የተጠናው ኤልኤፍኤ-1 ግን በሕዋሱ ትእዛዝ የሚከፈትና የሚዘጋ፣ ከተከፈተም በኋላ ቲ-ሕዋሱ ለመነቃቃት ምን ያህል አንቲጅን እንደሚበቃው የሚወስን አካል ነው። ይህ ልዩነት የቃላት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ቀጥሎ እንደሚታየው በበሽተኞች ሕይወት ላይ ከባድ ዋጋ ያስከፈለ ልዩነት ነው።

የኤልኤፍኤ-1 ስም በራሱ ታሪኩን ይነግራል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ቲሞቲ ስፕሪንገርና ባልደረቦቹ በቲ-ሕዋስ ገጽ ላይ በሚገኙ ፕሮቲኖች ላይ ሞኖክሎናል ፀረ-አካላትን አዘጋጅተው፣ ከእነዚያ መካከል ገዳይ ቲ-ሕዋስ ዒላማውን እንዳይገድል የሚያግዱትን መረጡ። በዚህ መንገድ የተገኘው ፕሮቲን «ከሊምፎሳይት ተግባር ጋር የተያያዘ አንቲጅን» የሚል ስያሜ አገኘ። ስለ መጣበቅ በስሙ ውስጥ አንድም ቃል የለም፤ የተገኘው ተግባር በማገዱ ነውና። አልፋ-ኤል ከሚባል ንዑስ ክፍልና ሲዲ18 ተብሎም ከሚጠራው ቤታ-2 የተዋቀረ ኢንቴግሪን ሲሆን፣ ዋነኛ ተጣማሪው አይካም-1 እ.ኤ.አ. በ1986 ተለየ። አይካም-1 በአንቲጅን አቅራቢ ሕዋሳትና በደም ሥሮች ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ይገኛል፤ ብግነት በሚነሣበት ጊዜም መጠኑ በእጅጉ ይጨምራል። ይህን መጨመር ለራሳቸው ጥቅም ያዋሉም አሉ፤ አብዛኞቹ የራይኖቫይረስ ዓይነቶች ወደ ሕዋስ የሚገቡት በአይካም-1 በኩል ሲሆን፣ በፕላስሞዲየም ፋልሲፓረም የተያዙ ቀይ የደም ሕዋሳትም በአንጎል ጥቃቅን የደም ሥሮች ላይ ከሚጣበቁባቸው ሞለኪውሎች አንዱ ይኸው ነው።

የሙጫውን ንጽጽር በይበልጥ ያናጋው እ.ኤ.አ. በ1989 ደስቲንና ስፕሪንገር ያወጡት ውጤት ነበር። በዕረፍት ላይ ያለ ቲ-ሕዋስ በገጹ ላይ በቂ ኤልኤፍኤ-1 እያለው ከአይካም-1 ጋር በደንብ አይጣበቅም። የቲ-ሕዋስ ተቀባዩ በፀረ-አካል ሲቀሰቀስ ግን በገጹ ላይ ያለው የኤልኤፍኤ-1 መጠን ሳይለወጥ የመጣበቅ ኃይሉ በፍጥነት ያድጋል። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ከፍተኛው ደረጃ ላይ ደርሶ፣ ከ30 ደቂቃ እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ወደ ነበረበት ይመለሳል። እዚህ ላይ ሁለት ቁም ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ ትእዛዙ ከሕዋሱ ውስጥ ወደ ውጭ የሚሄድ መሆኑ ነው። ሁለተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ደግሞ መጣበቁ የሚያበቃበት ጊዜ ያለው መሆኑ ነው። ገዳይ ቲ-ሕዋስ አንዱን ዒላማ ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ አለበት፤ መልቀቅ የማይችል ሕዋስ መያዝ ከማይችለው በምን ይሻላል?

ውስጣዊው ትእዛዝ የሚፈጸመው በቅርጽ ለውጥ ነው። በዕረፍት ላይ ያለው ኤልኤፍኤ-1 ጭንቅላቱን ወደ ሽፋኑ አጎንብሶ የታጠፈ ነው። ሲቀሰቀስ መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ይዘረጋል፤ ቀጥሎም ከአይካም-1 ጋር የሚገናኘው የአልፋ-ኤል ክፍል ይከፈታል። በዝግና በክፍት ቅርጾች መካከል ያለው የመያዝ ኃይል ልዩነት 10,000 እጥፍ ይደርሳል፤ በአንድ ፕሮቲን ውስጥ እንዲህ ያለ ሰፊ ልዩነት ማየት የተለመደ አይደለም። የለውጡ መነሻ ከቲ-ሕዋስ ተቀባይ ተነሥቶ ራፕ1 ወደሚባለው አነስተኛ ጂቲፔዝ የሚደርስ የምልክት ሰንሰለት ነው። ራፕ1 ታሊን የተባለውን ፕሮቲን ወደ ሽፋኑ ያቀርባል፤ ታሊን ከኪንድሊን-3 ጋር ሆኖ የቤታ-2ን ጅራት ይይዛል፤ በዚህም ተጣምረው የነበሩት የአልፋና የቤታ እግሮች ይለያያሉ።

ሆኖም ኬሚስትሪው ብቻውን አይበቃም፤ ጉልበትም ያስፈልጋል። በቲ-ሕዋሱ ጠርዝ ላይ የሚሠራው አክቲን ያለማቋረጥ ወደ መሐል ስለሚፈስ፣ በታሊን በኩል የተያያዘውን ኤልኤፍኤ-1 ይጎትተዋል። በሌላኛው ወገን ያለው አይካም-1 ጸንቶ ከቆመ ጉተታው ኢንቴግሪኑን ክፍት አድርጎ ያጸናዋል። አይካም-1 በሽፋኑ ላይ እንደ ልቡ የሚንሸራተት ከሆነ ግን ጉተታው መና ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት እንዳሳየው የበሰሉ ደንድራይቲክ ሕዋሳት በራሳቸው አክቲን አማካኝነት የአይካም-1ን እንቅስቃሴ ይገድባሉ፤ ይህ ገደብ ሲነሣ የቲ-ሕዋሱ መጣበቅና መነቃቃት ይዳከማል። ስለዚህ አንቲጅን አቅራቢው ሕዋስ ዝም ብሎ የቆመ ሰሌዳ አይደለም። ገመድ ጉተታ ላይ እንደቆመ ሁለተኛ ቡድን ነው፤ እርሱ ካልጸና የዚያኛው ጉልበት ትርጉም የለውም።

ሁለቱ ሕዋሳት ሲጣበቁ የሚፈጠረው መገናኛ «የኢሚዩን ሲናፕስ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1998 የኩፕፈር ቡድን፣ በ1999 ደግሞ ግራኩዊ፣ ደስቲንና ባልደረቦቻቸው ያወጧቸው ሥዕሎች ዛሬ በየመማሪያ መጽሐፉ ይገኛሉ፦ በመሐል የቲ-ሕዋስ ተቀባዮች ክምችት፣ ዙሪያውን የኤልኤፍኤ-1 ቀለበት፣ ከዚያ ውጭ ሲዲ45። ሥዕሉ ውብ በመሆኑ ከሚገባው በላይ ታምኖበታል። እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች ምልክቱ በዋናነት የሚነሣው በጠርዙ ላይ በሚፈጠሩ ጥቃቅን የተቀባይ ስብስቦች መሆኑን አሳይተዋል፤ መሐሉ ይልቁንም ምልክታቸውን የጨረሱ ተቀባዮች ተሰብስበው የሚወገዱበት ስፍራ ነው። በቲ-ሕዋስና በደንድራይቲክ ሕዋስ መካከል የሚፈጠረው መገናኛም ብዙ ጊዜ ባለ አንድ ማዕከል ሳይሆን የተበታተኑ ብዙ ነጥቦች ያሉት ነው። ይህ ሁሉ ሲታይ የኤልኤፍኤ-1 ቀለበት ለጥቃቅኖቹ ስብስቦች የሚፈጠሩበትን ሜዳ የሚያዘጋጅ ነው ማለት ይቀላል።

እዚህ ላይ ግን የልኬት ጥያቄ ይነሣል። የቲ-ሕዋስ ተቀባይ ከፔፕታይድ-ኤምኤችሲ ጋር ሲጣመር በሁለቱ ሽፋኖች መካከል የሚኖረው ርቀት 15 ናኖሜትር ያህል ነው። የተዘረጋው ኤልኤፍኤ-1 ከአይካም-1 ጋር ሲጣመር ግን ርቀቱ ወደ 40 ናኖሜትር ይጠጋል። ሁለቱ ጥምረቶች በአንድ ነጥብ ላይ ጎን ለጎን ሊቆሙ አይችሉም። ሽፋኑ በአንዱ ቦታ መጠጋት፣ በሌላው መራቅ ይኖርበታል። ጉዳዩን የበለጠ የሚያጓጓው ሲዲ45 ነው። ይህ ፎስፋቴዝ የቲ-ሕዋስ ተቀባዩ የሚቀበለውን ፎስፌት እየነቀለ ምልክቱን ያጠፋል፤ ከሽፋኑ ውጭ ያለው ክፍሉም ረጅምና ግትር በመሆኑ 15 ናኖሜትር ወዳለው ጠባብ ስፍራ አይገባም። ዴቪስና ቫን ደር ሜርቬ ያቀረቡት ሐሳብ ይህን መሠረት ያደረገ ነው፦ ጠባቡ ስፍራ ሲፈጠር አጥፊው ወደ ውጭ ይገፋል፣ ምልክቱም ይጸናል። እ.ኤ.አ. በ2005 የተደረገ ቀላልና ብልኅ ሙከራ ሐሳቡን ደገፈው። ተመራማሪዎቹ የፔፕታይድ-ኤምኤችሲውን ሞለኪውል አስረዘሙት፤ ተቀባዩ እንደ ቀድሞው ቢይዘውም መነቃቃቱ ግን ቀነሰ።

ታዲያ ጠባቡን ስፍራ የሚፈጥረው ማን ነው? ኤልኤፍኤ-1 ረጅም በመሆኑ ሕዋሳቱን አቅርቦ ያቆማቸዋል እንጂ እስከ 15 ናኖሜትር አያደርሳቸውም። ይህን ድርሻ በሰው ቲ-ሕዋስ ላይ በዋናነት የሚወጣው ሌላው የአጣባቂ ጥንድ፣ ሲዲ2 እና ሲዲ58 ነው፤ ርዝመቱ ከቲ-ሕዋስ ተቀባዩ ጥምረት ጋር የሚመጣጠን ነውና። አንዳንድ የሊምፎማ ዕጢዎች ሲዲ58ን በጂን ለውጥ ሲያጡ መታየታቸውም ከዚህ ጋር ይሄዳል። ዕጢው አንቲጅኑን ሳይደብቅ፣ ቲ-ሕዋሱ አንቲጅኑን ለማንበብ የሚጠጋበትን መንገድ ብቻ በመቁረጥ ሊያመልጥ ይችላል።

ኤልኤፍኤ-1 ሕዋሳቱን ከማገናኘት አልፎ የራሱን ምልክት ወደ ውስጥ ይልካል ወይ የሚለው ለረጅም ጊዜ ያከራከረ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ባክማንና ባልደረቦቹ በአይጥ ቲ-ሕዋሳት ላይ ኤልኤፍኤ-1ን ከሲዲ28 ጋር አነጻጽረው፣ ኤልኤፍኤ-1 የሚያስፈልገውን የአንቲጅን መጠን በብዙ እጥፍ ቢቀንስም የምላሹን ዓይነት እንደማይለውጥ፣ ስለዚህም ድርሻው መጣበቅ እንደሆነ ደመደሙ። መደምደሚያው ለናይቭ ቲ-ሕዋስ ጥሩ መነሻ ነው፤ ለሁሉም የመከላከያ ሕዋሳት ግን አይሠራም። ማስረጃው የመጣው ከተፈጥሮ ገዳይ ሕዋሳት ነው። የኤሪክ ሎንግ ቡድን የሰው አይካም-1ን በድሮሶፊላ ሕዋስ ላይ አስገብቶ ዒላማ አደረገው። የነፍሳት ሕዋስ በሰው ሕዋስ ሊታወቅ የሚችል ሌላ ተጣማሪ ስለሌለው፣ የታየው ውጤት ሁሉ የኤልኤፍኤ-1 ብቻ ነው ማለት ይቻላል። በዕረፍት ላይ የነበሩት የተፈጥሮ ገዳይ ሕዋሳት ገዳይ ከረጢቶቻቸውን ወደ ዒላማው አቅጣጫ ሰበሰቡ፤ ነገር ግን አልለቀቋቸውም። ለመልቀቁ የሌላ ተቀባይ ምልክት አስፈለገ። ያ ሌላ ምልክት ለብቻው ሲሰጥ ደግሞ ከረጢቶቹ ተለቀቁ፣ አቅጣጫ ግን አልነበራቸውም። ከዚህ በኋላ ኤልኤፍኤ-1 ምልክት አይሰጥም ማለት ያስቸግራል፤ ቢያንስ በእነዚህ ሕዋሳት ውስጥ «ወዴት» የሚለውን ጥያቄ የሚመልሰው እርሱ ነው።

በቤተ ሙከራ ለሚሠሩ ሁሉ እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ተገቢ ነው። ቲ-ሕዋስን በፀረ-ሲዲ3 እና በፀረ-ሲዲ28 በተቀባ ሳህን ላይ ማነቃቃት የተለመደና ምቹ ዘዴ ነው። ይሁንና ፀረ-አካሉ ከተፈጥሯዊው ተጣማሪ እጅግ በላቀ ኃይል የሚይዝ፣ ሳህኑም የማይንቀሳቀስ በመሆኑ፣ የመጣበቅ ድርሻ ገና ከመነሻው ከሙከራው ይወጣል። በዚህ ዘዴ ኤልኤፍኤ-1 «አያስፈልግም» የሚል ውጤት ቢገኝ ውጤቱ ስለ ሕዋሱ ከሚናገረው ይልቅ ስለ ሳህኑ የሚናገረው ይበልጣል።

ኤልኤፍኤ-1 ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ተፈጥሮ ራሷ ያሳየችው በአንደኛው ዓይነት የነጭ የደም ሕዋሳት የመጣበቅ ጉድለት ነው። በክሮሞሶም 21 ላይ በሚገኘው የቤታ-2 ጂን ላይ በሚደርስ ጉዳት የሚመጣ፣ ከሁለቱም ወላጆች የሚወረስ በሽታ ነው። የሕፃኑ እትብት ከሦስት ሳምንት በኋላም ሳይወድቅ ይቆያል፤ ተደጋጋሚ የባክቴሪያ ልክፍት ይይዘዋል፤ በደሙ ውስጥ የነጭ ሕዋሳት ቁጥር እጅግ ከፍ ብሎ ሳለ ቁስሉ መግል አይቋጥርም። ሕዋሳቱ በደም ውስጥ ሞልተዋል፣ ከደም ሥሩ ግድግዳ ጋር ተጣብቀው መውጣት ግን አልቻሉም። በከባዱ ደረጃ የሲዲ18 መጠን ከመደበኛው ከ2 በመቶ በታች ሲሆን፣ የአጥንት መቅኒ ንቅለ ተከላ ካልተደረገ ብዙዎቹ ሕፃናት ከልጅነት አያልፉም። ማረጋገጫው ፍሎው ሳይቶሜትሪ ይጠይቃል። ጥርጣሬው ግን አይጠይቅም፤ የዘገየ እትብት፣ መግል የሌለው ቁስልና ከፍ ያለ የነጭ ሕዋስ ቆጠራ በማንኛውም የወሊድና የሕፃናት ክፍል ሊታዩ የሚችሉ ናቸው። እንደ ኢትዮጵያ መሣሪያው በጥቂት ተቋማት ብቻ በሚገኝባቸው አገሮች ይህን ማወቅ ሕፃኑ በጊዜ ወደሚመረመርበት ስፍራ መድረሱን ሊወስን ይችላል።

በእነዚህ ሕፃናት ላይ የሚያስገርመው የቫይረስ ልክፍት የባክቴሪያውን ያህል የማያጠቃቸው መሆኑ ነው። ሊምፎሳይቶች ከኤልኤፍኤ-1 ሌላ በአልፋ-4 ኢንቴግሪን መጠቀም ስለሚችሉ ጉድለቱን በከፊል ይሸፍኑታል፤ ኒውትሮፊሎች ግን ይህ አማራጭ በአብዛኛው የላቸውም። በሦስተኛው ዓይነት ጉድለት ደግሞ ኢንቴግሪኖቹ በሙሉ በሕዋሱ ገጽ ላይ አሉ፤ የጠፋው የሚከፍታቸው ኪንድሊን-3 ነው። ሕመሙ ከአንደኛው ዓይነት ጋር ይመሳሰላል፤ የፕላትሌት ኢንቴግሪንም ስለማይከፈት የደም መፍሰስ ይጨመርበታል። ሞለኪውሉ መኖሩ ብቻውን ምንም እንደማይፈይድ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ ማግኘት ያዳግታል።

የመድኃኒት ታሪኩ ከዚህ ይቀጥላል። ኤፋሊዙማብ የተባለው የአልፋ-ኤል ፀረ-አካል እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ ለሶሪያሲስ ሕክምና ተፈቀደ። የታሰበው ቲ-ሕዋሳት ወደ ቆዳ እንዳይገቡ ማገድ ነበር፤ እንደታሰበውም ብዙ ሕመምተኞች ተሻላቸው። በኋላ ሲመረመር ግን በደም ውስጥ ያሉት ቲ-ሕዋሳትም ለመነቃቃት የዘገዩ ሆነው ተገኙ። መድኃኒቱ ያገደው ጉዞን ብቻ አልነበረም፤ መነቃቃትንም ጭምር ነው። ለረጅም ጊዜ ከወሰዱት መካከል በጄሲ ቫይረስ የሚመጣው ገዳይ የአንጎል በሽታ፣ በአጭር መጠሪያው ፒኤምኤል፣ በመታየቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ከገበያ ወጣ። የአልፋ-4 ኢንቴግሪንን የሚያግደው ናታሊዙማብም በኅዳር 2004 እ.ኤ.አ. ለመልቲፕል ስክለሮሲስ ተፈቅዶ በሦስት ወር ውስጥ በዚያው በሽታ ምክንያት ታገደ፤ በ2006 በጥብቅ ክትትል ተመለሰ። ከዚያ በኋላ የመጡት መድኃኒቶች ጠባብ ዒላማ ይዘው ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የተፈቀደው ቬዶሊዙማብ ወደ አንጀት የሚያመራውን አንዱን ኢንቴግሪን ብቻ ያግዳል፤ በ2016 የተፈቀደው ሊፊተግራስት ኤልኤፍኤ-1ን ቢያግድም የዓይን ጠብታ በመሆኑ ሥራው በዓይን ገጽ ላይ ይወሰናል። ዛሬም ኤልኤፍኤ-1ን በመላ ሰውነት ለማገድ የሚቀርብ ማንኛውም ሐሳብ መጀመሪያ ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ፣ ስንት ሕዋስ እንዳይገባ ይከለክላል የሚለው ሳይሆን የመነቃቃቱን ደፍ የት ያደርሰዋል የሚለው ነው።

ተቃራኒው ፍላጎት፣ ማለትም መጣበቅን ማጠንከር፣ አሁን በካንሰር ሕክምና በኩል እየመጣ ነው። በሰው ሠራሽ ተቀባይ የታጠቁት ካር-ቲ ሕዋሳት በደም ካንሰሮች ላይ ያሳዩት ስኬት በጠጣር ዕጢዎች ላይ አልተደገመም። እ.ኤ.አ. በ2022 በኔቸር መጽሔት የወጣ ጥናት ከምክንያቶቹ አንዱን አሳይቷል። የግላዮብላስቶማና የሌሎች ጠጣር ዕጢዎች ሕዋሳት የኢንተርፌሮን-ጋማ ተቀባያቸውን ሲያጡ በካር-ቲ ሕዋሳት መገደላቸው ቀነሰ፤ የደም ካንሰር ሕዋሳት ላይ ግን እንዲህ አልሆነም። በተለመደው ሂደት ካር-ቲ ሕዋሱ የሚለቀው ኢንተርፌሮን-ጋማ ዕጢው አይካም-1ን እንዲያበዛ ያደርገዋል፤ ተቀባዩ ሲጠፋ አይካም-1 አልጨመረም፣ ካር-ቲ ሕዋሱም በዒላማው ላይ የሚቆይበት ጊዜ አጠረ። አንቲጅኑ በስፍራው ነበር፣ ሰው ሠራሽ ተቀባዩም ያውቀው ነበር። የጎደለው ገዳዩ ሕዋስ ሥራውን እስኪጨርስ በስፍራው የሚያቆየው አይካም-1 ነበር።